የቀረው ሰው ለምን ቀረ? ስለ ተሐድሶ ሳይንስና ስለ ምርምር አስተባባሪ ሙያ

ተማሪዎች ተሰብስበን ስለ ወደፊት ሥራችን ስንጫወት የሚጠሩት ሙያዎች የታወቁ ናቸው። አንዱ ሐኪም፥ አንዱ መሐንዲስ፥ ሌላው የሕግ ባለሙያ ወይም አስተማሪ ለመሆን ያስባል። «እኔስ የምርምር አስተባባሪ እሆናለሁ» የሚል ግን እምብዛም አይሰማም። ስሙ ራሱ ደብዳቤ የመመዝገብና ፋይል የመደርደር ሥራ ስለሚመስል፥ ሰው በምኞት ሳይሆን በአጋጣሚ የሚገባበት ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተያየት ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ መመርመር ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው የተሐድሶ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚባለውን ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት በጦርነት፥ በአደጋ፥ በበሽታ ወይም ከልደት ጀምሮ አካሉ የተጎዳ ሰው በራሱ ፈቃድ እንዲንቀሳቀስ፥ እንዲማርና እንዲሠራ የሚረዱትን መሣሪያዎችና ዘዴዎች ያጠናል። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ፥ የመስማሚያ መሣሪያ፥ ከሁሉም ይልቅ እኛ «ዊልቸር» የምንለው ተሽከርካሪ ወንበር በዚህ ትምህርት ውስጥ ይገባሉ።

ልንደርስበት የምንፈልገው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰው በሚለካበት ሳይንስ ውስጥ የልኬቱ እውነተኛነት በመለኪያው ጥራት ብቻ አይወሰንም፤ ለመለካት ሊመጣ ያልቻለውንም ሰው ፈልጎ በማግኘት ጭምር ይወሰናል። ይህ ፍለጋ የአስተባባሪው ሥራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

1. የትምህርቱ አመጣጥ

የተሐድሶ ሳይንስ የጦርነት ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተመታ ሰው ረጅም ዕድሜ አይጠበቅለትም ነበር። ብዙዎቹን ይገድላቸው የነበረውም የኅብለ ሰረሰሩ ጉዳት ራሱ ሳይሆን፥ ሳይገላበጡ ከመተኛት የሚመጣ ቁስልና ከሽንት መተላለፊያ ተነሥቶ ወደ ኩላሊት የሚደርስ ሕመም ነበር። በ1939 ከናዚ ጀርመን ሸሽተው ወደ እንግሊዝ አገር የገቡት የነርቭ ሐኪም ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1944 በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ሕክምና ክፍል ከፈቱ። በሽተኞቹ ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዙ፤ ሥራና ስፖርትንም እንደ መድኃኒት ሰጧቸው። በጁላይ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 14 ወንዶችና 2 ሴቶች በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ በዊልቸር ተቀምጠው በቀስት ተወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻ ይህ ነው።

ይህ ሆስፒታል ለኛም እንግዳ አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ሲሳናቸው የታከሙት በዚያው በስቶክ ማንድቪል ነው። በ1970 በዚያው በዊልቸር ስፖርት ውድድር ገብተው በቀስት ተወዳድረዋል። በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግራቸው ባሸነፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ በዚያችው ከተማ መደረጉን ያስታወሰ ሰው፥ ታሪክ እንዴት እንደሚገጣጠም ያያል።

ሕክምናው ሰውን ከሞት አዳነ፤ የዳነው ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ግን ገና ሌላ ጥያቄ ነበር። በ1930ዎቹ በአሜሪካን አገር ጀርባው የተሰበረው የማዕድን መሐንዲስ ኸርበርት ኤቨረስትና ወዳጁ ሃሪ ጄኒንግስ በመኪና ውስጥ ታጥፎ የሚገባ የብረት ወንበር ሠሩ። ለጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ዓይነቱ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ቆየ፤ በጣምም ከባድ ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ ከሚነዳው ይልቅ ሌላ ሰው ከኋላ እንዲገፋው የታሰበ ይመስል ነበር። ለውጡ የመጣው ከተቀመጡት ሰዎች ነው። ማሪሊን ሃሚልተን የተባለች አሜሪካዊት በ1978 በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ክንፍ ስትበር ወድቃ እግሮቿ ሽባ ሆኑ፤ የተሰጣት ወንበር ስለ ከበዳት የሚንሳፈፈውን ክንፍ የሚሠሩ ጓደኞቿን ይዛ ከአሉሚኒየም ቧንቧ ቀላል ወንበር አሠራች። ከዚህም ከመላው ዓለም የታወቀ ፋብሪካ ተነሣ። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ዋና መምህር ምንጊዜም ቢሆን በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው መሆኑን ከታሪኩ እንማራለን።

2. አንድ ምሳሌ ከፒትስበርግ

በአሜሪካን አገር በፔንሲልቬኒያ የምትገኘው ፒትስበርግ ቀድሞ በብረት ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተሐድሶ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የትምህርት ክፍል አለ። በ1994 ዩኒቨርሲቲውና የአገሩ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንድነት ገጥመው «የሰው ምሕንድስና ምርምር ላቦራቶሪዎች» የተባለውን ተቋም አቋቋሙ። መሥራቹ ፕሮፌሰር ሮሪ ኩፐር ናቸው። ኩፐር በ1980 በጀርመን አገር በውትድርና ሲያገለግሉ በብስክሌት ላይ ሳሉ በደረሰባቸው አደጋ ኅብለ ሰረሰራቸው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምረው በ1989 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ፤ በ1988ም በሴኡል ፓራሊምፒክ በዱላ ቅብብል ሩጫ የነሐስ ሜዳልያ ወሰዱ። ተመራማሪውም ተመርማሪውም በአንድ ወንበር ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ከሥራዎቻቸው አንዱን በጥቂቱ እንመልከት። ዊልቸር የሚነዳ ሰው ከጎማው ጎን ያለውን ቀለበት በእጁ እየያዘ ይገፋል። ይህን በቀን ውስጥ በሺ ለሚቆጠር ጊዜ ያደርገዋል። የሰው ትከሻ ደግሞ ዕቃ ለማንሣትና እጅን በየአቅጣጫው ለማዞር እንጂ፥ እንደ ዳሌ ሰውነትን ለመሸከም አልተፈጠረም። ስለዚህ በልዩ ልዩ ጥናቶች እንደ ታየው፥ ከዊልቸር ተጠቃሚዎች መካከል ከሦስት አንዱን ከሚያህሉት አንሥቶ ከግማሽ በላይ እስከሚሆኑት ድረስ የትከሻ ሕመም አለባቸው። በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈውም ነርቭ ተጨንቆ ጣቶቻቸው የሚደነዝዙባቸው ብዙዎች ናቸው። እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው ትከሻው እግሩ ነው፤ ትከሻው ከታመመ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚሻገርበት ኀይል የለውም።

የፒትስበርግ ሰዎች በመግፊያው ቀለበት ውስጥ ኀይልን የሚለካ መሣሪያ አስገብተው «ስማርት ዊል» የተባለ ጎማ ሠሩ። ጎማው እያንዳንዱ ግፊት ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ፥ ወደ የት እንዳዘነበለና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ ተደገመ ይቈጥራል። ዶክተር ማይክል ቦኒንገርና ባልደረቦቻቸው በዚህ መሣሪያ ባደረጉት ጥናት፥ ቶሎ ቶሎና በድንገተኛ ኀይል የሚገፋ ሰው የእጁን ነርቭ ለጉዳት እንደሚያጋልጥ፥ የኋላው ጎማ ማዕከል ወደ ፊት ቀረብ ሲል ደግሞ ግፊቱ እንደሚቀልለት ተረዱ። በ2005 የወጣው የሐኪሞች መመሪያ ይህን ተከትሎ ለሁሉ የሚገባ ምክር ሰጠ፤ ወንበሩ በተቻለ መጠን ቀላል ይሁን፤ ወደ ኋላ እስከማይገለብጥ ድረስ ማዕከሉ ወደ ፊት ይቅረብ፤ እጅ በቀለበቱ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ክርን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ይታጠፍ፤ አገፋፉ ረጅምና ለስላሳ ይሁን፤ እጅ ሲመለስ ከቀለበቱ በታች ዝቅ ብሎ ይመለስ።

ሌላው ሥራቸው ወንበሩን ራሱን መፈተን ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 7176 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ወንበሩ የሰው ክብደት ተጭኖበት እንቅፋት ባላቸው ሁለት ተሽከርካሪ በርሜሎች ላይ 200,000 ጊዜ ይዞራል፤ ቀጥሎም ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 6,666 ጊዜ ይጣላል። ይህ የጥቂት ዓመታት አገልግሎት ማለት ነው። በ1990ዎቹ በዚህ መንገድ በተደረገ ማነጻጸር፥ በዋጋ ርካሽ የሆነው የሆስፒታል ወንበር ለተጠቃሚው ልክ ተስተካክሎ ከሚሠራው ወንበር በእጅጉ ቀድሞ ይሰበር እንደ ነበር ታወቀ። ዋጋው ለአገልግሎት ዘመኑ ሲካፈል ርካሹ ውድ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንባቢ፥ «ታዲያ አስተባባሪው የት አለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከላይ የተቈጠሩት ውጤቶች በሙሉ በተመራማሪዎቹ ስም ይታወቃሉ። ነገር ግን በበርሜል ላይ ከሚዞረው ወንበር በቀር፥ እያንዳንዱ ቍጥር የተገኘው አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ፥ በቀጠሮው ደርሶ፥ ፈቅዶና ታምኖ ሰውነቱን ስላስለካ ነው። ሰውየውን እስከዚያ ያደረሰው ማን ነው?

3. አስተባባሪው ምን ይሠራል?

ሀ. ከጥናቱ በፊት። ሰውን የሚመለከት ምርምር የሚጀምረው ከምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ነው። ስንት ሰው እንደሚፈለግ፥ ምን እንደሚደረግበት፥ ምን ጉዳት ሊደርስ እንደሚችልና ምስጢሩ እንዴት እንደሚጠበቅ ተጽፎ ይቀርባል። ይህን አዘጋጅቶ፥ ኮሚቴው የጠየቀውን አርሞ ፈቃድ የሚያስገኘው አብዛኛውን ጊዜ አስተባባሪው ነው።

ይህ ደንብ በከንቱ አልመጣም። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ ካደረጉት ግፍ በኋላ በ1947 በኑረምበርግ፥ ሰው ሳይፈቅድ ምርምር አይደረግበትም የሚል ሕግ ተጻፈ። በአሜሪካን አገር በአላባማ፥ በቱስኬጊ ግን ከ1932 እስከ 1972 ድረስ የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን አጥንቷል። ከእነርሱ 400 ያህሉ ቂጥኝ ነበረባቸው። በሽታቸው ምን እንደ ሆነ በግልጽ አልተነገራቸውም፤ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም እንኳ ሆን ተብሎ ተከለከሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለርእሳችን የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። ሰዎቹን ለ40 ዓመት ከጥናቱ ሳይወጡ ያቆየቻቸው ዩኒስ ሪቨርስ የምትባል ጥቁር ነርስ ነበረች። በመኪና ወደ ምርመራው ትወስዳቸው ነበር፤ በየቤታቸው እየሄደች ትጠይቃቸው ነበር፤ እነርሱም ያምኗት ነበር። ዛሬ መልካም አስተባባሪ የምንለው ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አድርጋለች፤ እምነቱ የተገዛው ግን እውነትን ለደበቀ ሥራ ነው። እንግዲህ ሰውን አክብሮ መጥራት ብቻ አይበቃም፤ የተጠራበት ጉዳይ ለተጠሪው በግልጽ መነገር አለበት። በ1979 የወጣው የቤልሞንት ዘገባ ሦስት ሥርዐቶችን አስቀመጠ፤ ለሰው ፈቃድ አክብሮት፥ ለጥቅሙ ማሰብ፥ ሸክሙንና ጥቅሙን በፍትሕ ማካፈል ናቸው።

ለ. ሰዎችን ስለ መፈለግ። ጥናቱ የሚፈልገው፥ ዕድሜው ይህን ያህል የሆነ፥ ከተጎዳ ከአንድ ዓመት በላይ ያለፈው፥ ወንበሩን በራሱ እጅ የሚነዳ ሰው ነው እንበል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በሥራ ላይ ግን እያንዳንዱ ቀጠሮ ብዙ ነገር ይጠይቃል። አንገቱ አካባቢ የተጎዳ ሰው ጠዋት ለመታጠብና ለመልበስ ብቻ ረዳት ይዞ ሰዓታት ይወስድበታል፤ ስለዚህ «በ2 ሰዓት ጠዋት ይምጡ» ማለት «አይምጡ» እንደ ማለት ነው። የሕንፃው አሳንሰር ከተበላሸ ሌላ መግቢያ አለ ወይ? ሽንት ቤቱ ዊልቸር ያስገባል ወይ? ሊያመጣው ቃል የገባው ተሽከርካሪ በመንገድ ቢቀር የሚደወልለት ማን ነው? አስተባባሪው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያስባል።

ሐ. በመለኪያው ቀን። የስምምነቱ ወረቀት ይነበባል፤ አንብቦ ከመፈረም ይልቅ ገብቶት መስማማቱ ይታያል። ከዚያ ልኬቱ ይጀመራል። እዚህ ላይ አስተባባሪው የሰውየውን ሰውነት ማወቅ ይኖርበታል። ወገቡ የማይሰማው ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከተቀመጠ ሕመም ሳይሰማው ሥጋው ይቈስላል፤ ስለዚህ በየመሃሉ ከመቀመጫው ከፍ እያለ እንዲያርፍ ጊዜ ይሰጠዋል። ከደረቱ ከፍ ብሎ የተጎዳ ሰው ደግሞ ድንገት ራሱን ሊፈልጠው፥ ፊቱ ሊቀላና ሊያልበው፥ የደም ግፊቱም በአደገኛ ሁኔታ ሊጨምር ይችላል። መንሥኤው ብዙ ጊዜ የሞላ ፊኛ ወይም የታጠፈ የሽንት ቱቦ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ደክሞት ነው» ብሎ በጀርባው ያስተኛዋል፤ ግፊቱም ይብስበታል። የሚያውቀው ግን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ፥ የጠበቀውን ልብስ አላልቶ፥ ምክንያቱን ይፈልጋል፥ ሐኪምም ይጠራል። ልኬቱ በዚያ ቀን ይቋረጣል፤ መቋረጡም ይመዘገባል።

መ. መዝገብ ስለ መያዝ። የሰውየው ስም በቍጥር ይተካል፤ ስምና ቍጥር የሚያገናኘው መዝገብ ለብቻው ይቈለፋል። የደረሰ ጉዳት ቢኖር ለኮሚቴው ይነገራል። ጎማው ከመለካቱ በፊት በታወቀ ክብደት መፈተኑ ይጻፋል። ይህ ሁሉ አሰልቺ ይመስላል። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ «ይህ ቍጥር ለምን ከሌሎቹ ተለየ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ግን ያ አሰልቺ መዝገብ ነው።

4. የቀረው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 60 ዊልቸር ተጠቃሚዎች ተመዝግበው አዲስ ወንበር ተሰጣቸው እንበል። ከ6 ወር በኋላ የትከሻ ሕመማቸው ሊጠየቅ ተጠሩ፤ 42ቱ መጡ፥ 18ቱ ቀሩ። ከመጡት 10ሩ «ትከሻዬን ያመኛል» አሉ። ተመራማሪው 10ን ለ42 አካፍሎ 24 በመቶ ያህል ብሎ ይጽፋል፤ «ወንበሩ መልካም ነው» ይላል። ስሕተት የለበትም፤ መለኪያውም ትክክል ነበር።

ነገር ግን አስተባባሪው 18ቱን አንድ በአንድ ፈልጎ ቢያገኛቸውና 12ቱ ታምመው የቀሩ ቢሆኑስ? ሕመምተኞቹ 22 ይሆናሉ፤ ለ60 ሲካፈል 37 በመቶ ያህል ይሆናል። ወንበሩ አንድ ነው፥ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው፤ መደምደሚያው ግን ተለወጠ። በስታቲስቲክስ ትምህርታችን የጎደለ መረጃ የሚባለውን በሰንጠረዥ ላይ እንደ ባዶ ቦታ እናየዋለን። በተሐድሶ ሳይንስ ግን ባዶው ቦታ ብዙ ጊዜ የራሱ ምክንያት አለው፤ ሰውየው የቀረው ልንለካው በፈለግነው ነገር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህ በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በአሜሪካን አገር ከ2006 እስከ 2011 የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፥ ከግማሽ የሚበልጡት በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ወንበራቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ጥገና እንዳስፈለገው ያሳያል። ከመበላሸቱ የተነሣም ከቤት መውጣት ያቃታቸው፥ የሐኪም ቀጠሮ ወይም ሥራ ያመለጣቸው፥ የተጎዱም ነበሩ። ወንበሩ የተሰበረበት ሰው ወንበሩ ጠንካራ መሆኑን ለመመስከር ወደ ላቦራቶሪ እንዴት ይመጣል? የሚመጣው ወንበሩ ያልተሰበረው ነው። ዝም ብለን የመጡትን ብቻ ብንቈጥር፥ ወንበር በከፋ መጠን የሚመሰክርበት ሰው ይቀንሳል፤ ጥናቱም ያሞግሰዋል።

ስለዚህ መልካም አስተባባሪ በመዝገቡ ላይ «ቀረ» ብሎ አይዘጋም። ለምን እንደ ቀረ ይጽፋል፤ ወንበሩ ተሰብሮ፥ ታምሞ፥ ገንዘብ አጥቶ፥ ቤት ለውጦ ወይስ ጥናቱን ሰልችቶ? ስልክ ይደውላል፤ ሌላ ቀን ይሰጣል፤ ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ካልሆነም ስንት ሰው እንደ ቀረና ከመጡት በምን እንደሚለይ ለተመራማሪው ያሳውቃል፤ በሚታተመውም ጽሑፍ ውስጥ እንዲገለጽ ይጠይቃል።

ነገር ግን በዚህ ላይ ወሰን አለ። ከጥናት መውጣት የተሳታፊው መብት ነው፤ ምክንያቱንም ለመናገር አይገደድም። «ከእንግዲህ አትደውሉልኝ» ያለ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ አይደወልለትም፤ ቍጥሩ ቢጎድልም ይጎድላል። የቱስኬጊን ታሪክ ከላይ ያነሣነው ለዚህ ነው። ሰውን ሳይለዩ መከተል ችሎታ ነው፤ ችሎታው መልካም የሚሆነው ተከታዩ ለሰውየው እውነቱን ሲነግረውና «እንቢ» ማለቱን ሲቀበል ብቻ ነው። በፍለጋና በማስጨነቅ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ማንኛውም መሣሪያ አይለካውም።

5. ወደ ሙያው የሚገባበት መንገድ

ወደዚህ ሙያ የሚያስገባ አንድ በር ብቻ የለም። በፊዚዮቴራፒ፥ በነርስነት፥ በሥነ ልቡና፥ በሕዝብ ጤና ወይም በምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ይገቡበታል። ጀማሪው በምርምር ረዳትነት ቀጠሮ ይዞ፥ ስልክ ደውሎ፥ ልኬት መዝግቦ ይለማመዳል፤ ሰዎችን ስለሚመለከት ምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት ወስዶ ይፈተናል። ቀጥሎ አንድ ጥናት በኀላፊነት ይይዛል፤ ከዚያ ብዙ ጥናቶችን የሚመራ፥ በጀትና ሠራተኛ የሚያስተዳድር ይሆናል። አንዳንዱ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዶክትሬት ትምህርት ይሄዳል፤ ሌላው በዚያው ጸንቶ ዕድሜውን ሁሉ ያገለግላል። በአሜሪካን አገር ለክሊኒካዊ ምርምር አስተባባሪዎችና ለመርጃ መሣሪያ ባለሙያዎች በፈተና የሚሰጥ የሙያ ምስክር ወረቀት አለ።

የሙያው ችግር እንዳይሸሸግ ይገባል። ደመወዙ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከምርምር ርዳታ ገንዘብ ነው፤ የርዳታው ዘመን ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ሊያልቅ ይችላል። ጽሑፉ ሲታተም የአስተባባሪው ስም በመጨረሻው የምስጋና መስመር ላይ ይገኛል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይገኝም። ተመራማሪው ውጤቱ እንዲፈጥን ሲቸኩል፥ ተሳታፊው ደግሞ ሲደክመው፥ በመካከል ቆሞ «ዛሬ ይብቃ» የሚለው ደግሞ እርሱ ነው። ለአለቃው «ይብቃ» ለማለት የማይደፍር ሰው ለዚህ ሙያ አይሆንም። በጎውም ነገር ከዚሁ ጋር ነው፤ ከምርምሩ ቤት ሠራተኞች ሁሉ ተሳታፊዎቹን በስማቸው የሚያውቃቸው፥ እነርሱም በስሙ የሚጠሩት ብዙ ጊዜ አስተባባሪው ነው።

6. ይህ ለኛ ምንድን ነው?

የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ዘገባ፥ በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ የመርጃ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ ወደ 1 ቢሊዮን የሚሆኑት ግን አያገኙም። በአንዳንድ ድሆች አገሮች ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መሣሪያውን የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅም ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠሩ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ያዛል። በተሐድሶም ረገድ ባዶ እጃችንን አይደለንም፤ በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከማከም አልፎ የተጎዳውን እጅና እግር መልሶ ለሥራ የማብቃት ትምህርት ለአፍሪካ ሐኪሞች ሲሰጥ ኖሯል።

በርዳታ የሚመጣ ወንበር ግን ብዙ ጊዜ በሌላ አገር መንገድ ታስቦ የተሠራ ነው። ኮብልስቶንና አቧራ፥ በክረምት ጭቃ፥ ደረጃ ያለው ደጃፍ በመፈተኛው በርሜል ላይ አልነበሩም። ወንበሩ ተሰጠ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ቍጥሩ በዘገባ ገባ። ከአንድ ዓመት በኋላ ወንበሩ የት እንዳለ የጠየቀ አለ ወይ? የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አገሮች ባወጣው መመሪያ የዊልቸርን አገልግሎት በ8 ደረጃዎች ከፍሎ ነበር፤ ስምንተኛው ደረጃ ክትትልና ጥገና ነው። በ2015 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዓለም አቀፍ የዊልቸር ባለሙያዎች ማኅበርም ይህንኑ ዕውቀት በየአገሩ ለማስተማር የተነሣ ነው። ስምንተኛው ደረጃ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የሚፈልገው መዝገብ፥ ስልክ፥ የአውቶቡስ ገንዘብና ሰው ነው።

ከኛ መካከል ስማርት ዊልን የመሰለ ጎማ የሚሠራ ቢነሣ ደስ ይለናል። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍ የምናዘጋጅ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ልንሠራው የምንችል አንድ ነገር አለ፤ መጠይቅ በትነን ያልተመለሰውን ስንቈጥር «ያልመለሱ» ብለን ከማለፍ ይልቅ፥ እነማን እንደ ሆኑና ለምን እንዳልመለሱ መጠየቅ ነው። መጠይቁ የተሰጠው ደረጃ ባለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ መልሱ ከፊታችን ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በላይ በተሰጠው ሒሳብ ከቀሩት 18 ሰዎች 12ቱ ሳይሆኑ 2ቱ ብቻ የታመሙ ቢሆኑ ውጤቱ ስንት በመቶ ይሆናል? ተመራማሪው ሳይፈልጋቸው ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቅ ይችላል ወይ?

2. ዩኒስ ሪቨርስ ለታማሚዎቹ የምታደርገው እንክብካቤ እውነተኛ ነበር ብንል፥ ይህ ኀላፊነቷን ያቀልላታል ወይስ ያከብድባታል?

3. በትምህርት ክፍላችሁ የሚደረግ አንድ ጥናት ምረጡ። ወደዚያ ጥናት ሊመጣ የማይችለው ተማሪ ማን ነው? ለማምጣትስ ምን ያስፈልጋል?